ሆርቲካልቸር ሽንኩርት ብቻ አይደለም፦ የመናፈሻና የእጽዋት ማዕከል ሙያን ከባሕር ዳር ጀምሮ መማር

ባሕር ዳር ውስጥ «ሆርቲካልቸር ደረሰኝ» ያለ ተማሪ ከዘመድ መጀመሪያ የሚሰማው «ታዲያ ሽንኩርት ልትተክል ነው?» የሚለውን ነው። ዘመድ ግማሽ እውነት አለው። አብዛኛው ኮርስ የሚያተኩረው በአትክልት፣ በፍራፍሬ፣ በቡና፣ በቅመማ ቅመምና በአበባ ላይ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ማለት ይበቃል። ዘንባባ የተሰለፈባቸው ጎዳናዎች፣ አደባባዮች፣ የሆቴልና የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ሁሉ ተካይና ጠባቂ ይፈልጋሉ። እጽዋትን ለሕዝብ ጥላ፣ ውበት፣ ትምህርትና ጥበቃ ብሎ የማልማት ሙያ የሕዝብ ሆርቲካልቸር ይባላል። ገበሬ ድካሙን በኩንታል ይለካል። በዚህ ሙያ ግን የሚጠየቀው ዛፉ ከ20 ዓመት በኋላ ቆሟል ወይ፣ ስሙስ፣ ምንጩስ፣ የተተከለበት ቀንስ ይታወቃል ወይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ተረስቷል፤ ሥራ ፈላጊን ከሥራ ፈላጊ የሚለየውም እሱ ነው።

የመግቢያው በር

በዩኒቨርሲቲ በኩል ለመግባት መንገዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች የጨረሰ ተማሪ ትምህርት ክፍል ይመርጣል፤ ምደባው በውጤት ስለሆነ የመጀመሪያውን ዓመት በቀላሉ አትዩት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ዘንዘልማ ግቢ ነው። ጅማና ሐዋሳም በዘርፉ የቆየ ስም አላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በቴክኒክና ሙያ በኩል መምጣትም ይቻላል። በደረጃ የሚሰጠውን ሥልጠና ጨርሶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ሰው በችግኝ ጣቢያ ሥራ ላይ ዲግሪ ካለው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ እጁ ሠርቷልና።

«ሆርቲካልቸር» የሚለው ስም ባይደርሳችሁ አትደንግጡ። እጽዋት ሳይንስ፣ ደን ሳይንስ፣ ባዮሎጂ፣ ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ሁሉም ወደዚሁ ሙያ ያደርሳሉ፤ የሚጎድላቸው ነገር ግን ይለያያል። የባዮሎጂ ተማሪ ስም ያውቃል፣ ዶማ አልያዘም። የደን ተማሪ ዛፍ ያውቃል፣ ስለ ሣር መስክና ስለ አበባ መደብ ብዙ አልተማረም። የሆርቲካልቸር ተማሪ ማባዛት ይችላል፣ ሰብል ያልሆነ ተክል ሲያይ ግን ዝም ይላል። የጎደላችሁን ለይታችሁ ራሳችሁ ሙሉት። በምርጫ ኮርስ ዕድል ካገኛችሁ ሥነ ምደባን (ታክሶኖሚ)፣ የእጽዋት ማባዛትን፣ መስኖን፣ ከዚያ ጂአይኤስን (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትን) በዚህ ቅደም ተከተል ምረጡ።

አንደኛ፦ ስም

በሳምንት 10 ተክል። በ30 ሳምንት 300 ይሆናል፤ በከተማ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ከምታውቁት ጀምሩ፦ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዋርካ፣ ባንባ፣ ዶቅማ፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ወይራ፣ ዘንባባ። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ስም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ ቤተሰብ፣ እንዲሁም ሳያብብ በቅጠሉና በቅርፊቱ ብቻ የምትለዩበት አንድ ምልክት ጻፉ። አበባ በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው፤ አሠሪ ግን በየካቲት ቅርንጫፍ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል።

የአማርኛ ስም ብቻውን ለምን እንደማይበቃ «ጥድ» ያሳያል። አንድ መሥሪያ ቤት «500 የጥድ ችግኝ» ብሎ ጨረታ ቢያወጣ አንዱ አቅራቢ የሐበሻ ጥድ (ጁኒፔረስ ፕሮሴራ)፣ ሌላው የፈረንጅ ጥድ (ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ) ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። ሳይንሳዊ ስምም ቢሆን አይረጋም። ዝግባ በድሮ ታርጋዎች ላይ ፖዶካርፐስ ነው፤ አሁን አፍሮካርፐስ ፋልካተስ ይባላል። የአገራችን ግራሮች አካሲያ የሚለውን ስም ያጡት በዓለም አቀፍ የእጽዋት ሳይንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ ተወስኖ በ2011 ሜልቦርን ላይ በጸናው ውሳኔ ነው፤ አሁን ቫቼሊያ ወይም ሴኔጋሊያ ተብለው ተከፍለዋል። ስለዚህ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ለንደን ያለው የኪው የእጽዋት ማዕከል በነጻ በከፈተው «ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን» ላይ አረጋግጡ። ለአገር ውስጥ እጽዋት ደግሞ በ8 ቅጾች የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው የእጽዋት መለያ መጽሐፍ አለ፤ ወደ 6,000 ዝርያ ይዟል። መለያ ቁልፉን (ደረጃ በደረጃ ምልክት እያስመረጠ ወደ ስሙ የሚያደርሰውን ዝርዝር) መጠቀም መጀመሪያ ያታክታል፣ ከሃያኛው ተክል በኋላ ግን እጅ ይለምደዋል።

የደረቀ ናሙና

ስም በአእምሮ የሚቀረው ናሙና ስታደርቁ ነው። ሁለት 30 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የጣውላ ፍርግርጎች አሠሩ። የቆርቆሮ መልክ ማዕበል ያለው ካርቶን በዚያው ልክ ቁረጡ፤ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ቀበቶ ጨምሩ። ከተክሉ ቅጠል፣ አበባና ቢቻል ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቁረጡ። ጋዜጣው ላይ ስታነጥፉ ቢያንስ አንድ ቅጠል በጀርባው ይዙር፤ የጀርባው ፀጉርና ጅማት ለመለየት ያስፈልጋል። ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ካርቶን እያላችሁ ደርድሩና ቀበቶውን በጉልበት ተጭናችሁ እሰሩ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ታገኛላችሁ። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ ቀይሩ። በበጋ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይበቃል። መድረቁን ለማወቅ ቅጠሉን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና ውኃ አለው። በፀሐይ ላይ ለማድረቅ አትሞክሩ፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይጠፋል።

ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ (የከተማው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው)፣ ተክሉ የበቀለበት ሁኔታ፣ ቁመቱ፣ የአበባው ቀለም፣ የአካባቢው ስም፣ የሰብሳቢ ስምና ተራ ቁጥር ይስፈር። የአበባውን ቀለም በዚያው ቀን ካልጻፋችሁት በኋላ አታገኙትም፤ ነጩ የዋንዛ አበባ እንኳ ደርቆ ቡናማ ይሆናል።

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማረስና ከብት ማርባት በባህል የተከለከለበት ልሳነ ምድር ስለሆነ ከቡናው በላይ ትልልቅ የአገር ዛፎች ቆመዋል፤ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝም። ቅጠል ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የገዳሙን አስተዳዳሪ ፈልጉ፣ መስቀል ተሳለሙ። ከዚያ «አባታችን፣ ተማሪዎች ነን፤ ስሙን ለማወቅ ከአንዳንዱ ዛፍ አንድ አንድ ቅርንጫፍ እንድንቆርጥ ይፍቀዱልን» በሉ። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን ስሙን ከነመድኃኒትነቱ የሚነግር አንድ አረጋዊ አብሮ ይመደብላችኋል። ሴት ተማሪዎች ጉዞ ከማቀዳቸው በፊት ይህን ይወቁ፦ የጣና ደሴት ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች አይፈቀዱም፤ ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይፈቀዳል።

ሁለተኛ፦ ችግኝ ጣቢያ

አንድ ክረምት ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ሳትሠሩ አትመረቁ። የአፈር ድብልቁ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር ወይም የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። የአካባቢው አፈር ጥቁር መረሬ ከሆነ አሸዋውን ወደ 2 እጅ አሳድጉ፤ መረሬ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። በእጅ ጨብጡት፦ እርጥቡ አፈር ተጨብጦ ቅርጽ ይዞ በጣት ሲነካ መፍረስ አለበት። ችግኙ የሚያድግበት የፕላስቲክ ከረጢት ግማሹ ላልቶ ከተሞላ ከሁለት ሳምንት ውኃ በኋላ አፈሩ ይወርድና ችግኙ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ይመስላል።

ዘር ሁሉ አንድ አይደለም። የግራር ዘር ላይ የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዳችሁ አፍስሱና 24 ሰዓት ተዉት፤ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው በድጋሚ። የዶቅማን ዘር ግን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ከፍሬው እንደወጣ በዚያው ሳምንት ካልተዘራ ይሞታል። ዝግባ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ቀስ ብሎ ካልተሰነጠቀ ወራት ያስጠብቃል። ስንት ዘር እንደሚያስፈልግ በግምት አትሥሩ። 25 25 አድርጋችሁ በ4 ቦታ 100 ዘር ዝሩና የበቀለውን ቁጠሩ። 60 ከበቀለ፣ በጣቢያው ደግሞ 20 ከመቶ ይጠፋል ካላችሁና 600 ችግኝ ከፈለጋችሁ፦ 600ን ለ0.8 አካፍሉ፣ 750፤ እሱን ለ0.6፣ 1,250 ዘር።

ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ስታዛውሩ ችግኙን በቅጠሉ ያዙት፤ ግንዱ ከተጨመቀ አይተርፍም። ዋናው ሥር ታጥፎ ከገባ ደግሞ ችግኙ ለጊዜው ያምራል፣ ዛፉ ግን ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ በነፋስ ይነቀላል። ይህን ስህተት ጣቢያው ውስጥ ማንም አያየውም፤ ስለዚህም ነው የሚደጋገመው። የችግኙ አንገት ጠቁሮ የሚወድቅ ከሆነ ነገሩ ፈንገስ ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማታ ማጠጣት፣ ጥቅጥቅ አድርጎ መዝራትና ዝቅ ያለ ዳስ ነው። ጠዋት አጠጡ፣ አሳሱ፣ ዳሱን ከፍ አድርጉ። ከመትከያው 6 ሳምንት በፊት ጥላውን አንሡ፣ ውኃውን ቀንሱ፣ ከፕላስቲኩ የወጣውን ሥር ቁረጡ።

ለጎዳና የሚሆን ችግኝ ለተራራ ከሚሆነው ይለያል። 30 ሴንቲ ሜትር ችግኝ አስፋልት ዳር መትከል ለፍየል ቁርስ ማቅረብ ነው። ለጎዳና ቢያንስ 1.5 ሜትር ቁመትና አውራ ጣት የሚያህል ግንድ ያስፈልጋል፤ ይህም በትልቅ ፕላስቲክ ከ2 እስከ 3 ዓመት ማቆየት ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ አፈሩ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከራሰ በኋላ ትከሉ። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60፣ የላይኛው አፈር ለብቻ። ፕላስቲኩ ይውጣ (ይህን መጻፍ ባላስፈለገ፣ ግን ያስፈልጋል)። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ዝቅ ብሎ የተቀበረ ዛፍ በ2 ወይም 3 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይሞታል፣ ጥፋቱም በድርቅ ይሳበባል። ሐይቁ አጠገብ ውኃ የሚተኛበት መረሬ ላይ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ጉብታ ሠርታችሁ ትከሉ።

ሦስተኛ፦ መዝገብ

አንድን የተክል ስብስብ የእጽዋት ማዕከል የሚያሰኘው መዝገቡ ነው። መዝገብ የሌለው ስብስብ ያማረ ግቢ ብቻ ነው። ለመጀመር ኤክሴል ይበቃል። እያንዳንዱ ወደ ግቢው የገባ ተክል የማይደገም ቁጥር ያገኛል። ለምሳሌ፦

2017-0045፤ ዋንዛ፤ ኮርዲያ አፍሪካና፤ ቤተሰብ ቦራጂናሴ፤ ምንጭ፦ ከዱር፣ ዘጌ፤ በዘር፤ የተዘራበት ቀን፤ የተተከለበት ቦታ፦ ክፍል ሐ፣ መደብ 4፤ ብዛት 6፤ የመጨረሻ ቆጠራ፦ 5 በሕይወት።

ምንጩ ከአራት አንዱ ነው፦ በቀጥታ ከዱር፣ ከዱር ከመጣ ወላጅ ግቢ ውስጥ የተባዛ፣ ከሌላ ተካይ ወይም ገበያ የመጣ፣ የማይታወቅ። «የማይታወቅ» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ገምቶ «ዘጌ» ብሎ መጻፍ ግን ነው። የሞተ ተክል መስመሩ አይሰረዝም፣ ቁጥሩም ለሌላ አይሰጥም፤ «ሞተ» ተብሎ ቀኑና ምክንያቱ ይጨመራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቁ ሀብታችሁ ይኸው የሞቱት ዝርዝር ይሆናል፤ የትኛው ዝርያ የትኛው አፈር ላይ እንደማይሆን የሚናገረው እሱ ነው።

ታርጋ ላይ እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ፀሐይ ያጠፋዋል። ለጊዜው እርሳስ፣ ለዘለቄታው በአሉሚኒየም ላይ የተቀረጸ። ሽቦውን ግንዱ ላይ አጥብቃችሁ ካሰራችሁ ዛፉ ሲወፍር ራሱን ያንቃል፤ ቅርንጫፍ ላይ ላላ አድርጉት ወይም በእንጨት መሬት ላይ ትከሉት።

አራተኛ፦ ቆጠራና መግረዝ

ከትምህርት ክፍሉ አጠገብ ካለ አንድ ጎዳና 100 ዛፍ ምረጡና ቁጠሩ። ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፣ ለ3.14 አካፍሉ፤ 94 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ዝርያ፣ ቁመት፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከእግረኛ መንገድ ያለው ርቀት፣ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ጉዳት ይመዝገብ። ቦታውን በስልክ ጂፒኤስ ያዙና ካርታ ሥሩበት። አንድ ወር የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ ግን ከሦስት የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ትልቅ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ከታች ወደ ላይ እስከ ሲሶው፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች፤ መጨረሻ የቀረውን ጉቶ በግንዱ ላይ ካለው እብጠት ውጭ። የታችኛው ቁርጥ ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቆዳ እስከ ታች ይገሽልጠዋል። ቁስሉን ቀለም መቀባት አይጠቅምም። የዛፉን አናት ጨርሶ መቁረጥ ደግሞ መግረዝ አይባልም፤ የሚያበቅለው ደካማ ቅርንጫፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ዘንባባ የተለየ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሁሉም ይገርዘዋል። የእያንዳንዱ ግንድ የእድገት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ፤ እሱ ከተጎዳ ግንዱ ያበቃለታል። አረንጓዴውን ቅጠል ሁሉ አውርዶ ጥቂት ቀጥ ያሉትን ብቻ መተው ለበዓል ያምር ይሆናል። ተክሉ ግን ፖታሲየም ሲያንሰው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ አዲሱን ይመግባል፤ ስንቁን ነው የምትቆርጡበት። የደረቀውንና ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለውን ብቻ አንሡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፉም መጋዙን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ውስጥ ንከሩ፤ የፈንገስ በሽታ በመጋዝ ይተላለፋል።

ለሣር መስክ አንድ ስሌት በቃላችሁ ያዙ፦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 1 ሊትር ነው። 400 ካሬ ሜትር ሰርዶ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ 2,000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ነው። የሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤት ይህን ቁጥር ሲሰማ ሣሩን አሳንሶ ዛፍ ይጨምራል።

አምስተኛ፦ ያልተፈለገ እንግዳ

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስለሚያምር በየኩሬው የተከሉት ሰዎች በመኖራቸው ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፤ ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እምቦጩ ገብቶ ነበር። ላንታና የተባለው ወራሪ ቁጥቋጦም አጥር ይሁን ተብሎ የገባ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ጌጠኛ ተክል ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘሩን ወፍ ይበትናል? ከቁራጩ ይበቅላል? በሌላ አገር ወራሪ ተብሏል? አንዱ «አዎ» ከሆነ ሐይቅ ዳር አትትከሉት። እምቦጭን ለኮምፖስት የምትጠቀሙም ካበበ በኋላ የታጨደውን ተዉት፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ሥራው የት አለ?

የከተማ አስተዳደሮች የውበትና የአረንጓዴ ልማት ክፍሎች ትልቁ ቀጣሪ ናቸው፤ የኮሪደር ልማቱም ፍላጎቱን ጨምሯል። እዚያ ለሚገባ ባለሙያ ከዶማ ይልቅ የሚጠቅመው የጨረታ ዝርዝር መጻፍ መቻል ነው፦ ሳይንሳዊ ስም፣ ቁመት፣ የግንድ ውፍረት፣ የፕላስቲኩ መጠን፣ ሥሩ ያልተጠቀለለ መሆኑ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያላለፈውን አቅራቢው እንዲተካ። አዲስ አበባ ላይ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል (705 ሄክታር)፣ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ የእጽዋት ናሙናዎች ማከማቻ)፣ እንዲሁም አንድነትና እንጦጦን የመሰሉ ፓርኮች አሉ። በጣና ዙሪያ ደግሞ ሆቴሎችና ሎጆች፣ የግል ችግኝ ጣቢያዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ደን የሚያለሙ ፕሮጀክቶች፣ ወራሚት ያለው የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ። የራሱን ሥራ ለሚጀምር ከመትከል ይልቅ የእንክብካቤ ውል ይሻላል፤ ተከላ አንዴ ይከፈላል፣ እንክብካቤ በየወሩ።

ወደ ውጭ ለሚያስብ፣ ኪው (የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1759) እና ፔንሲልቬንያ ያለው ሎንግዉድ በሙያው ሥልጠና የታወቁ ናቸው። ከ1987 ጀምሮ የዓለም የእጽዋት ማዕከላትን የሚያገናኘው ቢጂሲአይ ደግሞ የማዕከላቱን ማውጫ በድረ ገጹ ያወጣል፤ የምታመለክቱበትን ማዕከል ስብስብ አስቀድማችሁ እዚያ እዩ። ማመልከቻው ላይ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከመጻፍ የመዝገባችሁን 20 መስመር፣ የቆጠራ ካርታውን፣ ከአንድ ቦታ በአንድ ማዕዘን በተለያየ ወር የተነሡ 4 ፎቶዎችን አያይዙ። ዘር ግን በሻንጣ ይዛችሁ አትውጡ፣ ለስጦታም ቢሆን፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገር የጄኔቲክ ሀብት ያለ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ደህና የውጭ ማዕከልም ፈቃዱን ሳያይ ፖስታውን አይከፍትም።